ቆይ-ቆይ እና መላጣ አንገቶቼ

ከእኛ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖረውን የኮምፒውተር ባለሙያ ሰፈሩ «ቆይ-ቆይ» ይለዋል። ጨው አቀብለኝ ብትሉት «ቆይ» ይላል፤ ቤትህ እየተቃጠለ ነው ብትሉትም መጀመሪያ «ቆይ» ብሎ ነው የሚነሳው። እናቱ ራሷ «ሲወለድም ቀኑን አሳልፎ ነው የመጣው» ትላለች።

የእንቁላል መፈልፈያዬን ከኮምፒውተር ጋር ያገናኘልኝ እሱ ነው። ቁም ሳጥን የሚያህል ማሽን ነው፤ ውስጡ ማሞቂያ፣ ማራገቢያና ሙቀት የሚለካ ሴንሰር አለው። ፕሮግራሙ ሴንሰሩን እየጠየቀ ማሞቂያውን ያበራል፣ ያጠፋል። በቃ ይኸው ነው። እሱን ለመጻፍ ግን ክረምቱ ገብቶ ወጣ።

«ምንድነው እንዲህ የሚያስቆይህ?» ስለው፣

«እትዬ፣ ሴንሰሩን የሚያናግረውን ክፍል ለብቻው እያደረግኩት ነው» አለኝ። «በራሱ ፋይል ይቀመጣል፤ ላይብረሪ እንለዋለን። ዋናው ፕሮግራም ሥራውን ሳያቋርጥ ፋይሉን ይከፍትና ውስጡ ያለውን ክላስ ይጭናል። ክላሱን የአንድን ሴንሰር ጠባይ የሚያውቅ ባለሙያ ይበሉት። ነገ ሌላ ዓይነት ሴንሰር ቢመጣ ሌላ ባለሙያ እንጠራለን እንጂ ቤቱን አናፈርስም።»

«አንተ እኮ ላላረገዘች ሴት አዋላጅ ትጠራለህ!» አልኩት። ባሌ ሳቀ። እሱም ሳቀ፤ ሥራውን ግን አልተወም።

ከዚያ ሸለምጥማጥ ዶሮ ቤቴ ገባ። ጠዋት በሩን ስከፍት ላባ ብቻ ነው የጠበቀኝ። አንዲት እንኳን አልተረፈችም። ዶሮዎቼ መላጣ አንገት ነበሩ። ሳገባ እናቴ በቅርጫት አድርጋ ከሰጠችኝ ዶሮ ዘሩ ሳይቋረጥ የመጡ ናቸው። እናቴ ካለፈች ወዲህ ከእጇ የቀረኝ ነገር እነሱ ነበሩ። ደግነቱ እንቁላሎቻቸው መፈልፈያው ውስጥ ነበሩ። የቀረው ዘር ያ ብቻ ሆነ።

ሊፈለፈሉ ጥቂት ቀን ሲቀራቸው፣ አንድ ጠዋት የእጅ ቴርሞሜትሬን ባስገባ ከስክሪኑ ጋር አልስማማ አለ። ስክሪኑ ቀዝቅዟል ይላል፤ ውስጡ ግን ይፋጃል። ሴንሰሩ መዋሸት ጀምሯል፣ ፕሮግራሙም አምኖት ማሞቂያውን ያነዳል! የማሞቂያውን ሶኬት ነቀልኩና በሩን በረገድኩት። ባሌ ካርቶን ቀዶ ያራግብ ጀመር።

«እኔን እንዲህ ያራገበልኝ ሰው የለም» አለ ላቡን እየጠረገ።

«አንተም እንቁላል ውስጥ ግባና እናያለን።»

ሙቀቱ ወደ ልኩ ሲመለስ እኔ ሶኬቱን እየሰካሁና እየነቀልኩ እጠብቅ ያዝኩ፤ ባሌ ወደ ሱቅ ሮጠ። የድሮው ዓይነት ሴንሰር ከገበያ ጠፍቷል። ሌላ ዓይነት ይዞ መጣ። ቆይ-ቆይ ተጠርቶ ከፎቅ ሲወርድ አንድ እግሩ ካልሲ አለው፣ ሌላው የለውም። ለእሱ ይህ ሩጫ ነው።

«በቃ ኮምፒውተሩን አጥፋውና እንደ አዲስ ጻፈው!» አለ ባሌ።

«ቆይ ጋሼ። ባለፈው ሲጠፋ ለመነሳት ከጠዋት እስከ ማታ አስለምኖናል። ማራገቢያው የሚዞረው በእሱ ነው። ዛሬ ባይነሳስ?»

አዲሱን ሴንሰር ከአሮጌው ጎን ገጠመ፣ ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠ፣ ላፕቶፑን ጉልበቱ ላይ አደረገ፣ ከሴንሰሩ ጋር የመጣችውን ወረቀት እያየ መጻፍ ጀመረ። እኔ እሰካለሁ፣ እነቅላለሁ። ዓይኔን የከደንኩ ዕለት የእናቴ ዶሮዎች አለቁ ማለት ነው።

እኩለ ቀን ላይ አዲሱን ላይብረሪ በፍላሽ አምጥቶ ፎልደሩ ውስጥ ጨመረው። ስክሪኑ ላይ ቀይ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ መጫን አልተቻለም።

ሶኬቱን እንደያዝኩ ዞርኩ። «ወደቀ?»

«የወደቀው አዲሱ ነው፤ ቤቱ እንደቆመ ነው። ይስሙት።»

ጆሮዬን ሰጠሁ። ማራገቢያው እንደወትሮው ያጉረመርማል።

«ዋናው ፕሮግራም ባለሙያውን የሚጠራበት በር አለ» አለ አናቱን እያከከ፣ «ከውጭ እንዲታይ ማድረግ ረስቼ ነው።»

አስተካክሎ መልሶ ጨመረው። አሁን ተጫነ። አዲሱ ሴንሰር የሚለው ቁጥር ከአሮጌው አጠገብ ብቅ ሲል ቴርሞሜትሬን አየሁ፤ ልክ ነው! ባሌ ከደስታው ብዛት ማውሱን ጨበጠ።

«እንግዲህ ውሸታሙን ከነላይብረሪው ላባርረው!»

«ቆይ!»

እንዲህ ጮሆ ሰምቼው አላውቅም። ባሌ እጁን እሳት እንደነካው ሰው ሰበሰበ።

«ጋሼ፣ አሮጌው ባለሙያ ገና ሥራ ላይ ነው። እንዴት እንደሚሠራ፣ እንዴት ተሰናብቶ እንደሚወጣ ሁሉ የተጻፈው እዚያ ላይብረሪ ውስጥ ነው። እሱ ሳይሰናበት ላይብረሪውን ከዘጋነው ፕሮግራሙ ባዶ ቦታ ይረግጣል፤ ያኔ ሁሉም ነው የሚወድቀው።»

«መሰላል ላይ ያለ ሰው ሳይወርድ መሰላሉን እንደመውሰድ» አልኩ።

«እትዬ፣ ይሄን ሙያ እርስዎ ነበሩ መያዝ የነበረብዎት።»

«ቆይ ማለት አልችልበትማ!»

ሥራውን ለአዲሱ አስረከበ፣ አሮጌውን አሰናበተ፣ ላይብረሪውን መጨረሻ ላይ ዘጋ። ማራገቢያው አንዴም ድምፁን አልለወጠም። ሶኬቱን ሰካሁና እጄን አነሳሁ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ወንበር ላይ እንዳለሁ እንቅልፍ ወሰደኝ፤ የነቃሁት አንገቴን ሲያመኝ ነው።

ሁሉም አልተፈለፈሉም፤ ያ ጠዋት የበላቸው አሉ። የመጀመሪያው እንቁላል ሲሰነጠቅ ግን ሦስታችንም መስታወቱ ላይ ተለጥፈን ነበር። እርጥብ ጫጩት ተንፈራግጣ ወጣች።

«አንገቷ ላይ ምንም የለም!» አለ ባሌ።

«እንደ አንተ አናት» አልኩት። እየሳቅኩ መሰለኝ፤ ለካ እያለቀስኩ ኖሯል። ቆይ-ቆይ መሀረብ ፍለጋ ኪሱን ሲዳብስ አየሁት። እስኪያገኘው ድረስ በነጠላዬ ጠርጌ ጨርሼ ነበር።

ጫጩቶቹ ሲያድጉ አንድ ቆንጆ አውራ ዶሮ መርጬ ፎቅ ወጣሁ።

«ቆይ እትዬ፣ የት አኖረዋለሁ?» አለኝ።

ስለዚህ ዶሮው የእሱ ነው፣ የሚኖረው ግን እኛ ጋ። በየማለዳው መስኮቱ ሥር ቆሞ ይጮህበታል። ቆይ-ቆይ አንገቱን አውጥቶ «ቆይ እንጂ!» ሲለው እሰማለሁ። አይቆይለትም። እኔ ግን፣ እግዜር ይስጠውና፣ ያ ልጅ «ቆይ» ባለኝ ቁጥር አሁን ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ።