ልዑል ያልናቸው ወንድማማቾች

ወላይታ ውስጥ፣ ቤሌ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ከከፈትኩ በስድስተኛው ዓመት፣ በ2009 መሆኑ ነው፣ ቴሌቪዥን አስገባሁ። ዲሹን ጣሪያዬ ላይ የሰቀለልኝ ጎረቤቴ ሳሊህ ነው። ከስልጤ የመጣ ሰው ነው፤ ከእኔ ግድግዳ ጋር በተያያዘው ሱቁ ጨርቅና ሳሙና ይሸጣል። መጀመሪያ ሰው የሚመጣው ለኳስ ነበር። ያ የሱልጣኖቹ ተከታታይ ፊልም በአማርኛ እየተተረጎመ መታየት ሲጀምር ግን ኳሱም ተረሳ። ማታ ማታ የታየው ቅዳሜ ከሰዓት ይደገማል፤ ቅዳሜ ደግሞ የገበያ ቀን ነው። ከገጠር የመጣው ሰው ቦይና የምንለውን ጎደሬና ዝንጅብሉን ሸጦ ወደ ቤቱ ከመውረዱ በፊት እኔ ጋ ይገባል። አግዳሚው ሲሞላ በር ላይ ይቆማሉ፣ በሩ ሲሞላ በመስኮት ያያሉ።

ፊልሙ የአንድ የታመመ ሱልጣንና የሁለት ወንዶች ልጆቹ ታሪክ ነበር። ትልቁ ናዲር ይባላል፣ ታናሹ ራሺድ። አባትየው ሲሞት አንዱ ይነግሣል፤ የነገሠው ወንድሙን በሕይወት አያስቀምጥም። ሁለቱም ይህን እያወቁ አንድ ማዕድ ላይ ይበላሉ። ሰው ትንፋሹን ይዞ የሚያየው ይህን ነበር።

ኤርካሎና ሻንቆም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጡ ነበር። የአንድ እናት ልጆች ናቸው፤ አገራቸው ከቤሌ በእግር ግማሽ ሰዓት ቁልቁል ወርዶ ነው። ኤርካሎ ትልቁ ነው፤ ዝምተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚዘምር፣ ሰው የሚያከብረው። ሻንቆ ልጅ ሆኖ ወደ አዋሽ ወርዶ ስምንት ዓመት ጥጥ እርሻ ላይ ሠርቷል። ሲመለስ አባታቸው ሞቶ የመሬቱ ደብተር በኤርካሎ ስም ወጥቶ ጠበቀው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ተቀምጠው ገደል አፋፍ ላይ ያለው የታችኛው ማሳ ለሻንቆ ይሁን አሉ። ኤርካሎ በአፉ እሺ አለ፤ በማግስቱ ግን በሬዎቹን እዚያው ማሳ ላይ አሰማራ። ሻንቆ ተናዶ የወንድሙን እንሰት አሥራ አንድ እግር በመጥረቢያ ጣለ። ኤርካሎ ደርሶበት በሽመል ሲመታው ሻንቆ በቀኝ እጁ ስለመከተ ሁለት ጣቶቹ ተሰበሩ። በደንብ ሳይጠገኑ ስለቀሩ ከዚያ በኋላ ያንን እጁን ከጃኬቱ ኪስ አያወጣውም ነበር።

እንዲህም ሆኖ ቅዳሜ ሁለቱም ይመጣሉ። ኤርካሎ ግድግዳውን ተደግፎ፣ ሻንቆ መስኮቱ ሥር። አይነጋገሩም። አንድ ቅዳሜ ፊልሙ ላይ ልዑላኑ ሕፃን ሳሉ በአንድ ፈረስ ተፈናጥጠው ሲሄዱ ታየ። ሻይ እያደልኩ ነበርና የሻንቆን ፊት አየሁት፤ ቴሌቪዥኑን ትቶ ወንድሙን ያያል። ኤርካሎ ግን ዓይኑን ከስክሪኑ አልነቀለም።

ስም ያወጣላቸው ቲቸር ሚልክያስ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ የሚያስተምር፣ ጨዋታ የሚያውቅ ሰው ነው። አንድ ቀን ኤርካሎ ሲገባ ብድግ ብሎ፣ «ለልዑል ናዲር ቦታ ልቀቁ» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናወጠ። ሻንቆ ሲገባ ደግሞ፣ «ራሺድም መጣ፤ ቢላዎቹን ደብቁ» አለ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ገበያው ሁሉ በዚህ ስም ይጠራቸው ጀመር። ቅቤ የሚሸጡት ሴቶች ሳይቀሩ ሻንቆን፣ «መቼ ነው የምትነግሠው?» ይሉት ነበር። ኤርካሎን፣ «ታናሽህ እንዳይቀድምህ፣ ጀርባህን እይ» ይሉታል። እኔም ብያለሁ። ሻዩን ሳስቀምጥለት፣ «ለልዑሉ፣ ስኳር በዛ ተደርጎ» እል ነበር። ሰው ይስቃል፣ እኔም የቤቴ ሳቅ ደስ ይለኛል።

ሻንቆ አንዳንዴ ፈገግ ይል ነበር። ኤርካሎ አንድም ቀን አልሳቀም። እየከሳ መጣ። ከዚያ በሙቀቱም ቢሆን ቡሉኮ ደርቦ መምጣት ጀመረ። አንድ ቅዳሜ ጎንበስ ብሎ ሲቀመጥ ከቡሉኮው ሥር የገጀራ እጀታ አየሁ። ገበሬ ገጀራ ይይዛል፤ በር ላይ አስቀምጦ ነው የሚገባው እንጂ ይዞት አይቀመጥም። አይቼ ዝም አልኩ።

የዚያኑ ዕለት ሰው ሲወጣ እሱ ወደኋላ ቀረና ባንኮኒው ጋ መጣ።

«አሳየሽ» ብሎ በስሜ ጠራኝ፣ «ሰው ብዙ ነገር ይነግርሻል። ሻንቆ እንደሚገድለኝ ሰምተሻል ወይ?»

ብርጭቆ እያጠብኩ ነበር። ቀና ብዬ እንኳ በደንብ አላየሁትም።

«ለሳምንት ና፣ ይታያል» አልኩት።

የማወራው ስለ ፊልሙ ነበር። እሱ ግን ስለ ፊልሙ አልጠየቀኝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤቱ ከምንጊዜውም በላይ ሞላ። ማታ ያዩት ሰዎች ትልቁ ልዑል እንደሚሞት አስቀድመው አውርተዋል። ኤርካሎ ቀድሞ መጥቶ ቦታውን ይዟል። ሻንቆ ዘግይቶ ስለገባ መስኮቱ ሥር ቦታ አጣና ከወንድሙ በሁለት አግዳሚ ወደ ፊት ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ፊልሙ ላይ ራሺድ ነግሦ ናዲርን ለእርቅ ብሎ አስጠራው። ናዲር ነጭ ልብስ ለብሶ ድንኳን ውስጥ ሲገባ ወንድሙ የለም፤ አራት ዲዳ ገዳዮች ናቸው የጠበቁት። ሁለቱን ጥሎ ሦስተኛውን በጥርሱ ነከሰው። አራተኛው ከኋላ በሐር ገመድ አንገቱን አነቀው። እግሩ ምንጣፉን እየቧጨረ፣ ዓይኑ ደም እየመሰለ፣ የወንድሙን ስም እየጠራ ብዙ ቆየ። ቤቴ ውስጥ የሚያስል ሰው እንኳ አልነበረም።

ያኔ ነው ከኋላ አንዱ፣ ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም፣ «ኤርካሎ፣ አሟሟትህን አየኸው?» ያለው።

ሳቁ ከዳር እስከ ዳር ወጣ። ሻንቆ በዚያ ሳቅ መሃል ብድግ አለ። ፊቱን ወደ በሩ አዞረ፤ በሩ ደግሞ ያለው በኤርካሎ በኩል ነው። ቀኝ እጁ እንደ ልማዱ ጃኬቱ ውስጥ ነበር።

ኤርካሎ እንዴት እንደተነሣ አላየሁም። ያየሁት ቡሉኮው ሲወድቅ ነው። የመጀመሪያው ምት ሻንቆን ከአንገቱና ከትከሻው መጋጠሚያ ላይ አገኘው፤ እንጨት ሲፈለጥ የሚሰማው ድምፅ ተሰማ። ሻንቆ አልጮኸም። ያን የተሰበረ እጁን አውጥቶ ከለከለ፣ ሁለተኛው ምት እጁን ከክንዱ ላይ ሊያነሳው ምንም አልቀረውም። አግዳሚዎቹ ተገለበጡ። ሰው በሰው ላይ እየተረማመደ በመስኮት ይወጣል። የወደቀች ሴት ተረግጣ ትጮኻለች። ደሙ የቴሌቪዥኑ መስታወት ላይ ተረጭቶ ፊልሙ ከሥሩ ይቀጥላል።

ኤርካሎ ወድቆ ያለውን ወንድሙን ደግሞ መታው። «ልትገድለኝ! ልትገድለኝ!» ይላል፣ ገጀራውን ባነሳ ቁጥር። የፈላውን የሻይ ማንቆርቆሪያ ከምድጃው አንስቼ ጀርባው ላይ ደፋሁበት። ዞር ብሎ ገጀራውን ሰነዘረብኝ፤ ግራ ክንዴ አጥንቴ እስኪታይ ተሰነጠቀ። መታኝ ማለት እንኳ ይከብደኛል፣ ማንን እንደሚመታ አያውቅም ነበር። ያኔ ሳሊህ በጓሮ በር ገብቶ አግዳሚ አንስቶ ጉልበቱን ሰበረው። ሲወድቅ ሦስት ሰዎች ተቀመጡበት። እስኪታሰር ድረስ መሬቱን እየነከሰ ነበር።

ሻንቆን በአንድ ፒክአፕ ወደ ሶዶ ይዘነው ወጣን። እኔ ክንዴን በነጠላ አስሬ ከኋላ አጠገቡ ተቀመጥኩ፤ ሳሊህ ከሱቁ ያመጣውን አዲስ አቡጀዲ አንገቱ ላይ ይዣለሁ። ጨርቁ ቶሎ ቶሎ ይርሳል፣ ሳሊህ ሌላ ይቀድዳል። መንገዱ ሲያንገጫግጨን ሻንቆ ዓይኑን ገለጠ።

«ማየት አቃተኝ» አለ።

«አትናገር፣ ሻንቆ።»

«ልወጣ ነበር የተነሣሁት። ያ ልጅ ሲታነቅ ማየት አቃተኝ።» ቀጥሎ በወላይትኛ፣ «ኢሻው» አለ፤ ወንድሜ ማለት ነው። ማንን እንደሚጠራ አውቃለሁ። ሶዶ ሳንደርስ ሞተ። ሾፌሩ መኪናውን ዳር አቁሞ ሲወርድ ሳሊህ የቀረውን አቡጀዲ ፊቱ ላይ አለበሰው።

ክሱ በሶዶ ሲታይ ምስክር ሆኜ ቀረብኩ። ቲቸር ሚልክያስ ከእኔ በፊት መስክሮ ነበር፤ ወንድማማቾቹ በመሬት የቆየ ጠብ እንዳላቸው ብቻ ተናገረ። የኤርካሎ ጠበቃ ፊልሙ አእምሮውን እንዳዛባው አስረዳ። ዳኛው ወደ እኔ ዞረው፣ «ፊልሙ ነው ለዚህ ያደረሰው ትያለሽ?» አሉኝ።

«ፊልሙን መቶ ሰው አይቶታል፣ ጌታዬ» አልኩ። «እነዚህን ሁለቱን ግን ልዑል ናችሁ፣ ትገዳደላላችሁ እያልን ስም ያወጣንላቸው እኛ ነን። እኔም ብያለሁ። ወንድሜ ይገድለኛል ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ እንኳ ለሳምንት ይታያል ብዬ መለስኩለት። ገጀራውንም ቀድሜ አይቻለሁ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ኤርካሎ በክራንች ተደግፎ ቆሞ ነበር። ሻንቆ መኪናው ላይ ያለኝንም ተናገርኩ። ያን ሲሰማ ክራንቹ ከእጁ ወደቀ፣ እሱም ተከትሎት ወደቀ፤ ፖሊሶቹ አንስተው አስቀመጡት። አሥራ አራት ዓመት ተፈረደበት።

ቤሌ ስመለስ ብዙ ሰው ተቀየመኝ። ከተማውን ሁሉ ገዳይ አድርጋ መጣች አሉ። ቲቸር ሚልክያስ በሻይ ቤቴ በር ሲያልፍ ፊቱን ያዞራል። ቴሌቪዥኑን ለሳሊህ ሰጠሁት፤ እሱም በጨርቅ ሸፍኖ መጋዘን ውስጥ አስቀመጠው። ደሙን ለመሸፈን ግድግዳውን ሦስቴ ቀባሁት።

ከአራት ወር በኋላ የሁለቱ እናት፣ እማማ ዓመለወርቅ፣ መጣች። ከዚያ በፊት ሻይ ቤቴን ረግጣው አታውቅም። አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ልጇ የቱ ጋ እንደወደቀ አሳዪኝ አለችኝ። አሳየኋት። ብዙ ጊዜ አየችው።

«የዚያ ፊልም ልጆች እናት ነበረቻቸው?» አለች።

«ነበረቻቸው።»

«ምን ሆነች?»

«አላውቅም፣ እማማ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።»

ራሷን ነቀነቀች። ሻይ ቀዳሁላት፣ አልነካችውም። እኔም እጄን የማደርግበት አጥቼ ክንዴ ላይ ያለውን ጠባሳ እዳብስ ነበር። ይቅርታ ልጠይቃት ፈልጌ ነበር። በመጨረሻ፣ «በእኔ ቤት ነው የሞተው። በእኔም አፍ» አልኳት።

«ሰምቻለሁ» አለች። «ፍርድ ቤት ስትናገሪ ከኋላ ነበርኩ። ሌላ ሰው አልተናገረም።»

ከዚያ የመጣችበትን ነገረችኝ። ሻንቆ በታችኛው ማሳ የተከለው ቦይና ደርሷል፣ ካልተነቀለ ይበሰብሳል፣ ጎረቤቶቹ በሻንቆ መሬት ላይ እጃቸውን ማስገባት ፈርተዋል። ሰኞ ሻይ ቤቱን ዘግቼ መቆፈሪያ ይዤ ወረድኩ። በግራ እጄ ብዙ መያዝ አልችልም፤ እሷ ትቆፍራለች፣ እኔ አፈሩን አራግፌ ጆንያ ውስጥ እከታለሁ። እስከ ቀትር ድረስ ስድስት ጆንያ ሞላን። ሁለቱን እስር ቤት ላለው ለኤርካሎ ትወስድለታለች። እኔም ሐሙስ አብሬያት በአውቶቡስ እንድሄድ ጠየቀችኝ፣ እሺ አልኳት።