ለፋኖስ የተጾመ ጾም

በዘጠና ሰባቱ ምርጫ ሰሞን፣ ሚያዝያ ላይ፣ ግራና ገበያ በጠራራ ፀሐይ ፋኖስ ተሰቅሎ ዋለ። ሽንኩርት ሻጩም፣ ገመድ ሻጩም፣ ጨው የምትቸረችረዋም ከዳሳቸው ምሰሶ ላይ ፋኖስ አንጠልጥለዋል። ብርጭቆው የተሰነጠቀ፣ ክሩ ያለቀ፣ ጋዝ ካሸተተ ዘመን የሆነው ሁሉ ከየጓዳው ወጥቷል። ፋኖስ የወንድሜ የካሳዬ የምርጫ ምልክት ነበር።

ካሳዬ መርሳ ላይ፣ ከደሴ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጋራዥ አለው። መኪና ይሠራል፤ ስሙ የወጣው ግን በውሃ ፓምፕ ነው። በመስኖ ወራት የገበሬ ፓምፕ ቆመ ማለት ሽንኩርቱ ደረቀ ማለት ነው። እሱ መፍቻውን በሳጥን ይዞ፣ በጋሪ ተሳፍሮ፣ እማሳው ድረስ ይወርዳል። ሰው ወደደው። ለክልሉ ምክር ቤት በግሉ ሲወዳደርም ከጀርባው ፓርቲ አልነበረም፤ የነበሩት ፓምፖቹ ናቸው። እኔ እህቱ ናርዶስ፣ ከህንድ፣ ከሃይደራባድ ሕግ ተምሬ ብመለስም ሥራ አላገኘሁም፤ ልቆይ ልሂድ እያልኩ ሻንጣዬን እንኳ አውጥቼ ሳልጨርስ የእሱ ቀስቃሽ ሆንኩ።

ያን የገበያ ቀን ጋሪ ላይ ባሰርነው ድምፅ ማጉያ እየለፈፍን ስንዞር የሚከተለን ሰው መንገዱን ሞላው። ሲራጅ ከፊት ከፊት ይሄዳል። ሲራጅ ከግራና ዝቅ ብሎ ባለ ቀበሌ የሚያርስ፣ ካሳዬ ፓምፑን ስንት ጊዜ ከሞት ያስነሣለት፣ አፉ የማያርፍ ገበሬ ነው።

«ናርዶስ፣ በህንድ ፊልም ሰውዬው እኮ ዘፍኖ ነው የሚያሸንፈው። እስቲ ካሳዬን አንዴ አዝፍኚውና እንገላገል።»

«ሲዘፍን ሰምተኸው ታውቃለህ?»

«እሱስ ልክ ነሽ። ያለውን ሰው እንዳያባርር ዝም ይበል።»

ካሳዬ እስኪያስለው ሳቀ። ያን ቀን እንደሚያሸንፍ ማንም አልተጠራጠረም፤ ሁሉን የምጠራጠረው እኔም ጭምር።

በሳምንቱ ሲራጅ ጋራዡ ደጃፍ ላይ መጥቶ ቆመ። ግባ ብንለው አልገባም።

«ካሳዬ፣ እንዳትቀየመኝ። ምለናል።»

«ምን ብላችሁ?»

«የመንግሥትን ፓርቲ ልንመርጥ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የሴፍትኔት ስንዴ በሚሰፈርበት ቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ይርጋ ከክምሩ አጠገብ ጠረጴዛ አቁሞ፣ ቁርኣንና መስቀል አስቀምጦ፣ ሰዉን አንድ በአንድ አስምሏል። የማለ ይሰፈርለታል። ያልማለ ጆንያውን አጥፎ ይመለሳል። በጋውን ሙሉ እርከን ሲክቡ ለከረሙበት፣ በላባቸው ላገኙት ስንዴ!

ደሜ ፈላ። «ታዲያ ምን ችግር አለው?» አልኩ። «ምርጫው በምስጢር ነው። ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ ፋኖሱ ላይ ምልክት አድርጎ መውጣት ነው። ማን ያያችኋል?»

ሲራጅ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አየኝ። «ከመጋረጃ ጀርባ አላህ አያይም ያሉሽ ህንዶቹ ናቸው?»

«ተገዳችሁ ነው እኮ!»

«እጄን ቁርኣኑ ላይ ያሳረፍኩት እኔው ነኝ፤ ይርጋ ይዞ አላሳረፈልኝም። ‹ባፈርስ ልጆቼ አይደጉ› ብያለሁ። አንቺ ገና አልወለድሽም።»

በቀጣዩ ገበያ ፋኖሶቹ አልነበሩም። ሰላምታው ግን እንዲያውም በዝቷል። ሰዉ ሁለት እጃችንን ይዞ ስለ ቤተሰብ፣ ስለ ጤና ይጠይቀናል፤ ስለ ምርጫው ትንፍሽ የሚል የለም። ለቅሶ ሊደርሱን የመጡ ይመስሉ ነበር። ይርጋ ዱላ አላነሣ፣ ወታደር አላመጣ። የሰዉን እምነት ከሰዉ ነጥቆ መልሶ በሰዉ አንገት ላይ አሰረው። ከዱላው ይልቅ ይኼ ነው ያንገበገበኝ።

«መሐላችሁን አፍርሱ አልልም» አለ ካሳዬ። «ግን ሸኽ ጀብሪል ምን ይላሉ?»

ሸኽ ጀብሪል ውርጌሳ አጠገብ የሚኖሩ፣ እስላሙም ክርስቲያኑም ለእርቅ የሚፈልጋቸው አዛውንት ናቸው። ሲራጅን ይዘን ሄድን። ነገሩን ሰምተው መቁጠሪያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩት።

«አንገቱ ላይ ቢላ የተጋደመበት ሰው መሐላ መሐላ አይደለም።»

«ሸኽዬ፣ ቢላ አልነበረም እኮ። ስንዴ ነው» አለ ሲራጅ።

«ለራበው ሰው ሁለቱም ያው ነው። ልባችሁ አልረጋ ካለ ግን ማስተሰረያው ይታወቃል። አሥር ድሃ አብሉ።»

«አሥር ድሃ! ኧረ አንቱ፣ አሥሩ ድሃ እኛው ነን።»

ሽማግሌው ጥርሳቸው እስኪታይ ሳቁ። «እንግዲያ ያጣ ሰው ሦስት ቀን ይጹም።»

ሲራጅ በመንገድ ላይ ምንም ቀልድ አልተናገረም። መርሳ ስንደርስ ብቻ ካሳዬን ትከሻውን መታ አድርጎ፣ «ቆይ፣ አሳይሃለሁ» አለው።

የእኛዎቹ ክርስቲያኖችም ወደ ንስሐ አባታቸው ሄደው ነበር። ፋሲካ ካለፈ ገና ሳምንት ስለሆነ ቄሱ፣ «በበዓለ ሃምሳ ጾምም ስግደትም የለም፤ ከጰራቅሊጦስ በኋላ ኑ» ብለው መለሷቸው። ምርጫው ግንቦት ሰባት ነው። ጰራቅሊጦስ እስኪደርስ አሸናፊው ወንበሩን ያሞቀዋል። ተናደድኩ፤ ግን በማን ልናደድ? ሥርዓቱን ይርጋ አላወጣው።

የሲራጅ ሰዎች ጾሙን ጀመሩ። የቆላው ሙቀት ድንጋይ በሚሰነጥቅበት ሰሞን፣ መንደሩ እንዳለ፣ ወንዱም ሴቱም። በሁለተኛው ቀን ይርጋ እዚያው መንደር የምረጡን ስብሰባ ጠራ። ለእስላሙም ለክርስቲያኑም ለየብቻ በሬ አስጥሏል። በየትሪው ጥብስና እንጀራ፣ በየሳፋው ቀዝቃዛ ለስላሳ ቀርቧል። እኔና ካሳዬ ዳር ላይ ካለ ዋርካ ሥር ቆመን እናያለን።

«ብሉ እንጂ!» አለ ይርጋ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ክርስቲያኖቹ እንኳ ጎረቤቶቻቸው ሳይነኩት ለመጀመር አፍረው እጃቸውን ሰበሰቡ። ዝንቡ ብቻ በላ።

ይርጋ ሲራጅ ፊት ቆመ። «ምንድን ነው? ረመዳን ገባ እንዴ?»

«ሱና ነው፣ የፈቃድ ጾም» አለ ሲራጅ።

«መንደሩ ሙሉ?»

«መንደሩ ሙሉ ጸድቋል። ምን ይደረግ፣ ዘንድሮ ጉድ ነው።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እስከ ዛሬ ያ ሳቅ ጆሮዬ ውስጥ ያቃጭላል፤ ሰዉ ከመጋረጃ ጀርባ ሊሰጥ የነበረውን መልስ በአደባባይ የሰጠው ያን ጊዜ ነው። ይርጋ አልሳቀም። ያልተነካውን ትሪ፣ የደረቀውን ከንፈር ሁሉ ዞሮ ዞሮ አየ። የጾሙ ምክንያት እስከ ምሽት ተጣርቶ ደረሰው። በማግስቱ ለዚያ መንደር ሊሰፈር የነበረው የግንቦት ስንዴ ቆመ።

ከዚያ ወደ እኛ መጣ። ጋራዡ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ዘይት እንዳይነካው የሱሪውን ጫፍ ሰበሰበ።

«ካሳዬ ወንድሜ፣ ሰዉን አስራብከው እኮ። ስምህን ከውድድሩ አንሣና ነገውኑ ይሰፈርላቸዋል።»

«ስንዴው ያንተ ነው?» አልኩት።

«የመንግሥት ነው፣ እቴ። መንግሥት ደግሞ ሆደ ሰፊ ነው፤ ይቅር ይላል።»

ይርጋ ሲሄድ ካሳዬ ለጥገና የመጣውን የሲራጅን ፓምፕ ፈቶ ጨርሶ ነበር። ብሎኖቹን በጣሳ ውስጥ ያንገጫግጫል።

«እንዳትወጣ» አልኩት። «ቢያንስ ሄደህ ጠይቃቸው።»

«ብጠይቃቸው እምቢ ነው የሚሉኝ።»

«እምቢ ካሉማ መልሱ እሱ ነው!»

«ልጆቻቸውስ ምን ይበላሉ? ያንቺን ሕግ?»

የሚራበው የእኔ አፍ አልነበረም፤ አትውጣ ማለት ለእኔ ቀላል ነው። በማግስቱ ካሳዬ በዚያው ጋሪ ላይ፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ ስሙን ከውድድሩ ማንሣቱን ለግራና ገበያ ተናገረ። ያጨበጨበ የለም፤ የሰደበም የለም። አንዲት ጨው ቸርቻሪ ብቻ ጀርባዋን ሰጠችን። ስንዴው ከሰዓት በኋላ ተሰፈረ።

የመምረጫው ወረቀት ግን አስቀድሞ ታትሟል፤ ፋኖሱ ከነስሙ እዚያው ነበር።

ግንቦት ስምንት ጠዋት የሲራጅን መንደር ምርጫ ጣቢያ ለማየት ሄድኩ። ውጤቱ በሩ ላይ ተለጥፏል። የይርጋ ፓርቲ አሸንፏል። ከሥሩ «ዋጋ አልባ ድምፅ» የሚል መስመር አለ፤ ከአሸናፊው ድምፅ ይበልጣል። ሁለቴ አነበብኩት። ስመለስ ሲራጅን ጋራዡ ደጃፍ ከጋሪ ጋር አገኘሁት። የምርጫው ቀለም ከጣቱ አልለቀቀም።

«ፓምፔን ልወስድ ነው» አለው ካሳዬን።

«ገና አልገጠምኩትም።»

«ወልድያ ወስጄ አስገጥመዋለሁ።»

ካሳዬ እጁን በጨርቅ ሲጠርግ ቆየ። «ሲራጅ፣ ፋኖሱን ነው የመረጣችሁት?»

«አዎ።»

«ስሜን አንሥቻለሁ እኮ። አይቆጠርም።»

«እናውቃለን። ለአንተ መሰለህ እንዴ የጾምነው?» ቀለም የነካውን እጁን አነሣ። «ይቺ እጅ ታስራ ነበር። በሦስት ቀን ጥም አስፈታኋት። አንተ መጥተህ በአንድ ጆንያ ስንዴ መልሰህ አሰርካት። ይርጋስ ጠላት ነው፣ ከሱ ምን ይጠበቃል?»

«ልጆችህ እንዳይራቡ ብዬ ነው።»

«ልጆቼን አንተ ነህ የምታውቃቸው? አንድ ቃል ብትጠይቀኝ ምን ነበረበት? አንድ ቃል!»

ካሳዬ ፓምፑን ሊያነሣ ጎንበስ አለ። ሲራጅ «ተወው» አለና ከባለጋሪው ጋር ተሸክሞ ጫነው። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ በሁሉም ተናድጃለሁ፤ በይርጋ፣ በጠረጴዛው፣ በወንድሜ ደግነት። ያ ሁሉ ሕግ አንድ ዓረፍተ ነገር አላቀበለኝም።

ጋሪው ሊንቀሳቀስ ሲል ካሳዬ ጣሳውን ይዞ ሮጠ።

«ብሎኖቹ! ያለነዚህ አይነሣም።»

ሲራጅ ጣሳውን ተቀበለ። ወደ ውስጡ አየና ጭኑ ላይ አኖረው። ጋሪው በአስፋልቱ ዳር ወደ ወልድያ አቀና፤ ብሎኖቹ በጣሳው ውስጥ ሲንገጫገጩ ረጅም ርቀት ድረስ ይሰማ ነበር።