ደረጃ ላይ የሚወጣ ደረጃ

የዳቦውን ሆድ ሊጫኑ አውራ ጣታቸውን ሲልኩ፣ ጣታቸው ቀድሞ የተዘጋጀለት ስርጉድ ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ።

እማማ ሚዛን እጃቸውን መለሱ። ግራና ቀኝ አዩ። አረንጓዴው ሱፐርማርኬት እንደወትሮው ጭር ብሏል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ጥፍሯን ትሞርዳለች፣ ከወዲያ ጥግ ማቀዝቀዣው እንደታመመ ሰው ያቃስታል። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ሰኩና ዳቦውን ገለበጡት። ስርጉዱ መሀል እንደ ክር የቀጠነች መስመር ብቅ ብላለች። ጣታቸውን እንደገና አስገቡ። ልክክ አለ። በልጅነታቸው በር ጨፍልቆት፣ ጥፍሩ ለሁለት ተሰንጥቆ ያደገ ጣት ነው፤ ሰፈሩን ቢያስሱት አምሳያው አይገኝም። ምልክቱ የሳቸው ነው፤ በዚህ ከማንም ጋር አይከራከሩም። ግን ዛሬ ወደዚህ ሱቅ ገና አሁን መግባታቸው ነው። ታዲያ ይህን ዳቦ መቼ ነኩት?

«ደህና አደሩ እማማ» አለ ከኋላቸው አንድ ድምፅ።

አማቻቸው ነው፤ የልጃቸው ባል፣ የሱቁ ሥራ አስኪያጅ። ነጭ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ እጆቹን ሆዱ ላይ አጣምሮ ቆሟል። አንድ ቤት እየኖሩ፣ እዚህ ሲያገኛቸው ግን እንደ እንግዳ ጎንበስ ይላል። ይህ ጎንበስ ማለት ከጀመረ ሰንብቷል፤ ለእማማ ሚዛን ግን አንድም ቀን አልተዋጠላቸውም። ዝምተኛ ሰው ሳይጠሩት ማጎንበስ ሲያበዛ፣ ከእግሩ ሥር የሸፈነውን ነገር ማየት ያምራቸዋል።

«ማታ አብረን እራት በልተን፣ ዛሬ ከየት የመጣሁ እንግዳ ሆንኩብህ?» አሉት። ዳቦውን ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱት።

ሰፈሩ ሦስት ሱፐርማርኬት አለው። ስማቸው በየበራቸው አናት ላይ በመብራት ተጽፏል ይባላል። እማማ ሚዛን ፊደል አልቆጠሩም፤ ስለዚህ ራሳቸው ስም አወጡላቸው። ፊቱ ከመሬት እስከ ጣሪያ የሚያብረቀርቀው «መስታወቱ» ነው። ወደ ታች ተወርዶ የሚገባበት፣ ሽንኩርቱም ሳሙናውም አንድ ዓይነት የሚሸተው «ምድር ቤቱ» ነው። አማቻቸው የሚመራው ደግሞ በሩም መደርደሪያውም አንድ ቀለም የተቀባው «አረንጓዴው» ነው። አሁን ሰፈሩ ሁሉ በነዚህ ስሞች ይጠራቸዋል፤ ማንበብ የሚችሉትም ጭምር።

ደረጃ የሚያወጡላቸውም እሳቸው ናቸው፤ ሚዛን የተባሉት በዚሁ ነው። የሚኖሩበት ሕንፃ አሳንሰር የለውም። የልጃቸው ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ጉልበታቸው አልሄድም ይላል። እዚያው ደረጃው ላይ፣ ለመስኮቱ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ዘንቢላቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ይቀመጣሉ። የሚወጡ የሚወርዱ ሴቶች ከበብ ያደርጓቸዋል። የትኛው ሱቅ ቲማቲሙን ከላይ አሳምሮ የበሰበሰውን ከሥር እንደሚደብቅ፣ የትኛው የሰነበተውን ወተት ከፊት፣ የዛሬውን ከኋላ እንደሚደረድር፣ የትኛዋ ገንዘብ ተቀባይ ከሰው ፊት ይልቅ የሰው ቦርሳ እንደምታይ ይነግሯቸዋል። ከሁሉ በላይ ግን ዳቦ ነው። በየማለዳው እንደ አዲስ የሚሠራ ነገር ላይ መዋሸት ከባድ ነው ባይ ናቸው። በጣታቸው ይጫኑታል፤ ተመልሶ ከተነሣ ሕያው ነው፣ ካልተነሣ ሬሳ ነው። ከዚያ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ይላሉ፤ ሴቶቹም በዚያው ይሄዳሉ። ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ልብስ ሰፊ፣ ደረጃ ላይ ተቀምጦ ደረጃ ማውጣት ለርስዎ ብቻ የተሰጠ ሹመት ነው እያለች ትቀልድባቸዋለች።

መስታወቱ ሁልጊዜ አንደኛ፣ አረንጓዴው ሁልጊዜ ሦስተኛ ነበር። ልጃቸው ፊቷን ብታጠቁርም፣ አማቻቸው እራቱን አቀርቅሮ ቢበላም ሦስተኛ ነበር። ሬሳ የሚሸጥ አማችም ቢሆን ልጅም ቢሆን ሬሳ ሻጭ ነው፤ የኔ ምላስ ዘመድ አያውቅም ይሉ ነበር። ታዲያ በቅርቡ የአረንጓዴው ዳቦ ነፍስ ዘራ። ተጫኑት፤ ተነሣ። በሌላ ቀን ተጫኑት፤ ተነሣ። እየቆጫቸው ሁለተኛ አደረጉት።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ልብስ ሰፊዋ፣ ሴቶች በተሰበሰቡበት፣ ግማሹ ሊጥ ግማሹ ከሰል የሆነ ዳቦ አምጥታ ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። በርስዎ ቃል ከአረንጓዴው ገዝቼው ነው፣ ይሄ ሁለተኛ ከሆነ ሦስተኛው ድንጋይ ነው ማለት ነው አለች። ሴቶቹ ሳቁ። እማማ ሚዛን፣ አንቺ ጨርቅና መርፌ የለመድሽ ዳቦ ምን አገባሽ ብለው አፏን አስያዟት። ያን ዕለት ግን እህል አልወረደላቸውም። እሳቸው ሲገዙት ሕያው፣ ሌላ ሰው ሲገዛው ሬሳ የሚሆን ዳቦ ምን ዓይነት ዳቦ ነው?

ስለዚህ ዛሬ መንገዳቸውን ገለበጡ። ዘወትር ከአረንጓዴው ጀምረው መስታወቱ ላይ ነበር የሚጨርሱት። ዛሬ ለማንም ሳይተነፍሱ በማለዳ ወጥተው መስታወቱ በሩን ሲከፍት ደረሱ። ዳቦው ገና ከምድጃ መውጣቱ ነበር፤ ይተናል። አንዱን አንሥተው ሥሩን ሲጫኑት ጣታቸው ሰመጠ። ትኩስ ዳቦ እንዲህ ነው፤ የነካውን ምልክት ይዞ ይበርዳል። ዳቦ ሻጯ ስትገላምጣቸው መልሰው አስቀመጡት፤ ምንም ሳይገዙ ወጡ። ከዚያ ምድር ቤቱ ወርደው ሽንኩርት ሲያገላብጡ ቆዩ። ከዚያ ወደዚህ።

እንግዲህ ዳቦው ቀድሟቸው መጥቷል።

መጀመሪያ ሐሳባቸው የሄደው ወደ ስርቆት ነው። አማቻቸውን ከጫማው ጀምረው ሽቅብ አዩት። ያ አንገቱን የሚደፋ፣ ሾርባ እንኳ ድምፅ ሳያሰማ የሚጠጣ ሰው፣ ለካ እጁ እንዲህ ይረዝማል? ቀጥሎ የመጣባቸው ጥያቄ ግን ከፊተኛው የባሰ ነበር። እሱ ሱቁን ከከፈተ ጀምሮ እስከ ምሳ ድረስ ከዚህ ንቅንቅ እንደማይል ያውቃሉ። ታዲያ ማን ነው የሚያመላልስለት? ደግሞስ እሳቸው በየትኛው ቀን እንደሚመጡ ማን ይነግረዋል? ቀናቸውን የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አንድ ብቻ ነው። ይህን ሐሳብ ፈጥነው ከራሳቸው አባረሩት። አልሄድ አላቸው።

«ቲማቲሙንም ቢያዩት ጥሩ ነው እማማ፤ ዛሬ የገባ ነው» አለ አማቻቸው፣ በእጁ ወደ ፊት እየመራ። ዓይኑ ግን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ከማቀዝቀዣው ጎን ወዳለው የዕቃ ክፍል በር ሸሸ።

አንዴ ይበቃቸዋል። ወደ ቲማቲሙ የሚሄዱ መስለው ሁለት ሦስት እርምጃ ሄዱና እጥፍ አሉ። እሱ ተከትሎ፣ እዚያ እኮ የዕቃ ማስቀመጫ ነው እማማ አለ፤ ድምፁ ቀጥኗል። እኔስ ያረጀሁ ዕቃ አይደለሁ እንዴ ብለው በሩን በትከሻቸው ገፉት።

ልጃቸው ካርቶን ላይ ተቀምጣለች። ፀጉሬን ልሠራ በጠዋት እወጣለሁ ብላ ማታ የተናገረችው ልጃቸው ፀጉሯን በሻሽ አስራ፣ ከመስታወቱ ሰማያዊ ፌስታል ዳቦ እያወጣች ወደ አረንጓዴው ቅርጫት ትደረድራለች። ባዶዎቹን ፌስታሎች እንደ ሕፃን ልብስ አጣጥፋ ጭኗ ላይ አስቀምጣቸዋለች። አልደነገጠችም። ሲጠብቁት የቆዩት ነገር ሲደርስ እንደሚባለው፣ «መጣሽ?» ብቻ አለች።

እማማ ሚዛን ዳቦውን ከዘንቢላቸው አውጥተው ሥሩን አሳዩዋት። ያ ጣት አፍንጫዋን እየጠረገ፣ ፀጉሯን እየፈለቀቀ ያሳደጋት ጣት ነው፤ አወቀችው። አንገቷን ደፋች። አማትየው ከገቡበት በር አማቹ ወደ ውስጥ አልዘለቀም፤ ቲማቲም ሲያንሸራትት ይሰማል።

ከዚያ ልጅቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሁሉንም ነገረቻቸው። የአረንጓዴው ምድጃ ካረጀ ቆይቷል፤ አንዱን ጎን ያሳርራል፣ ሌላውን ጥሬ ይተዋል። የሱቁ ባለቤት ምድጃውን አሠራ ሲባል መጀመሪያ ገዢው ይመለስ ይላል፤ ገዢው ደግሞ ዳቦው ሳይስተካከል አይመለስም። ካልተመለሰ ሱቁን ሊዘጋው ነው። ባሏን ሌላ ከተማ ወዳለ ሱቅ ያዛውረዋል፣ እሷም ትከተለዋለች። እዚያ የሚሰጣቸው ቤት አንድ ክፍል ነው። እዚህ ላይ የታጠፈውን ፌስታል እንደገና አጣጠፈች። አንድ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደሚገባ እናትና ልጅ ተነጋግረው የሚተማመኑበት ነገር አልነበረም።

«እና እኔን አታለላችሁኝ» አሉ እማማ ሚዛን።

«አንቺን ብቻ ነዋ እማዬ፤ ሌላውንማ ለምን እናታልላለን? ይሄ ሰፈር ዳቦ አይቀምስም። የሚበላው ያንቺን ቃል ነው።»

እማማ ሚዛን አፋቸው ላይ የደረሰ ስድብ ነበራቸው፤ በደንብ የተሳለ። ልጅቷ ግን አልጨረሰችም። ቅርጫቱን አንሥታ ወደሳቸው አስጠጋችው።

«ያው ዳቦ እኮ ነው። እዚያ አንደኛ አልሽው፤ እዚህ ሁለተኛ።»

ስድቡን ተዉት። ከማታለሉ ይልቅ ይሄኛው ገባቸው። አንድ እጅ ያቦካው፣ አንድ ምድጃ ያወጣው፣ በአንድ ማለዳ የተገዛ ዳቦ። ጣታቸው ሕያው ነው ብሎ መስክሮ፣ አፋቸው ግን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጎታል። ምላሴ ዘመድ አያውቅም ይሉ ነበር። ለካስ አሳምሮ ያውቃል፤ ይጨክንበታል እንጂ።

ዳቦውን መልሰው ዘንቢላቸው ውስጥ ከተው ወጡ። ለገንዘብ ተቀባይዋ የዳቦውን ከፈሉ። አማቻቸው መደርደር የማያስፈልገውን ቲማቲም እየደረደረ ነበር፤ ጎንበስ አላለም፣ ቀናም አላለም።

መንገድ ላይ አረፍ እያሉ፣ ምሳ ሰዓት ሲቃረብ ሕንፃው ደርሰው ሦስተኛ ፎቅ ሲወጡ ከሌላው ቀን ይልቅ ሴቶች በዝተው ጠበቋቸው። ደረጃ ሊሰሙ እንዳልመጡ ገባቸው፤ የመጡት እማማ ሚዛን ከባለፈው በኋላ ጥርስ ቀርቷቸው እንደሆነ ለማየት ነው። ልብስ ሰፊዋ የመለኪያ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች መስኮቱን ተደግፋ ቆማለች። አንደኛ ፎቅ የምትኖረው ነርስም መጥታለች። እማማ ሚዛን ጉልበታቸውን እያሹ ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«እሺ እማማ፣ ዛሬስ ማንን ሾሙ?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ከታች የእግር ኮቴ ተሰማ። ያውቁታል፤ ምሳውን ሊበላ የመጣው አማቻቸው ነው። ደረጃው መታጠፊያ ላይ ደርሶ፣ ሴቶቹንም አማቱንም አይቶ፣ የብረቱን መደገፊያ እንደያዘ ቀጥ አለ። በሴቶቹ እግር መሀል ፊቱ ብቻ ይታያቸዋል። ማጎንበሱ ከፊቱ ጠፍቷል። ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ፊት ነው።

እማማ ሚዛን ዳቦውን አወጡ። ስርጉዱን በመዳፋቸው ሸፍነው ከወዲያኛው ጎኑ ቆረሱና ለልብስ ሰፊዋ ሰጧት። እሷም እንደ መርማሪ አሸተተችው፣ ጎረሰችው፣ ዓይኗን ጨፍና አላመጠችው፤ የመስታወቱማ ነገሩ ሌላ ነው አለች።

«ከአረንጓዴው ነው የገዛሁት። ሄደሽ ገንዘብ ተቀባይዋን ጠይቂ።»

ልብስ ሰፊዋ ማላመጧን አቆመች። ነርሷም እጇን ዘረጋች፤ ለሷም ቆረሱላት። ከታች ያለው ፊት አልተንቀሳቀሰም።

«ዛሬ ከአረንጓዴው የገዛሁት ዳቦ አንደኛ ነው» አሉ እማማ ሚዛን። እያንዳንዷን ቃል ከአፋቸው ሳትወጣ በፊት ተጭነው አዩዋት፤ ሁሏም ተነሣች። ውሸት የለባትም። ከዚያ ሴቶቹን ትተው፣ በመሀላቸው አሻግረው አማቻቸውን እያዩ ቀጠሉ። «ነገ ጠዋት ሁላችሁም ሂዱ። እኔ የለሁበትም፤ በየጣታችሁ ተጫኑት። ሬሳ ከሆነ አምጥታችሁ እዚሁ ጭኔ ላይ ደርድሩልኝ።»

ሴቶቹ ተንጫጩ። ሁሉም እሄዳለሁ አሉ፤ አንዷ እህቴንም አስከትላለሁ አለች። እማማ ሚዛን የሚያዩት አማቻቸውን ብቻ ነው። በከንፈሩ የሆነ ነገር ሲቆጥር ያዩት መሰላቸው፤ የሴቶቹን ብዛት ይሁን፣ የሚስቱ ትከሻ የሚችለውን ፌስታል፣ ወይም ስንት ሰዓት እንደቀረው፣ አላወቁም። ሰላምታ ሳይሰጥ ዞረና ወደ ታች ወረደ። ኮቴው መጀመሪያ ዝግ ያለ ነበር፤ በኋላ ግን ፈጠነ።

ከሕንፃው በር ወደ ግራ ከታጠፉ መስታወቱ ነው። ወደ ቀኝ ከታጠፉ አረንጓዴው፣ ከአረንጓዴውም በላይ ምድጃውን ገና ያላሠራው ባለቤት ቢሮ።

«አማችዎ ምን ረስቶ ነው ምሳውን ሳይበላ የተመለሰው?» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ በመስኮቱ ቁልቁል እያየች።

እማማ ሚዛን ጀርባቸውን ለመስኮቱ እንደሰጡ ናቸው። አንገታቸውን ቢያዞሩ ይበቃ ነበር። ዕድሜያቸውን ሙሉ በሰው ዓይን ዓይተው አያውቁም፤ ሽንኩርት እንኳ ሌላ ሰው ከመረጠላቸው አይበሉም። ዛሬ ግን አንገታቸው እንቢ አለ።

«ወዴት ታጠፈ?» አሉ፣ እጃቸው ላይ የቀረውን ዳቦ እያዩ።

ልብስ ሰፊዋ ግንባሯን መስኮቱ ላይ ለጠፈች። ትንፋሽዋ ሲያደበዝዝባት በእጅጌዋ ጠረገችውና እንደገና አየች።

«አልታጠፈም» አለች። «በሩ ላይ ቆሟል።»

እማማ ሚዛን አውራ ጣታቸውን ስርጉዱ ውስጥ አስገብተው ጠበቁ።