ልክ የሆነው መንፊያ

ኃይለጊዮርጊስ ሚዛን ተፈሪ የገባው ደርግ በወደቀበት ክረምት ነው። የጦር ሠራዊቱ ሙዚቀኞች ሲበተኑ ጓደኞቹ ብርድ ልብስም ድስትም ያገኙትን ተሸክመው ወጡ፤ እሱ ባስ ትሮምቦኑን ታቅፎ ወጣ። ከትሮምቦኖች ሁሉ ድምፁ ወፍራም የሆነው፣ ከሥር ሆኖ ሌላውን የሚሸከመው መሣሪያ ነው። ታዲያ መንገድ ላይ ሲርበው ካፖርቱን ለአንድ ገበሬ ሰጥቶ ቂጣ ተቀበለ። ቂጣው ተበልቶ፣ ሁለት መንደር ካለፈ በኋላ ነው መንፊያው ካፖርቱ ኪስ ውስጥ እንደነበረ ትዝ ያለው። መንፊያ ማለት ከንፈር የሚያርፍባት፣ ተነቅላ የምትወጣ የብረት ስኒ ናት። እሷ ከሌለች ትሮምቦን ቧንቧ ነው።

እዚያው ሚዛን ተፈሪ ቡና መፈልፈያ ቤት በመዛኝነት ተቀጠረ፤ የምሥራች የምትባል ልብስ ሰፊም አገባ። የሠርጉ ሰሞን አልጋው ሥር ያለውን ሣጥን ከፍታ ብታይ ደነገጠች። "ምንድነው ይሄ?" አለችው። ነገራት። ሲነግራት ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ እሷም ያን ጊዜ ወደደችው። "መንፊያው የተገኘ ዕለት መጀመሪያ የምነፋው ላንቺ ነው" ብሎ ማለላት። ጎረቤት በበኩሉ መቀለጃ አደረገው። "ኃይሌ፣ ቧንቧህ ውሃ መጣለት ወይ?" ይሉታል። የምሥራች ግን "ቆይ፣ ሲነፋ ትሰማላችሁ!" እያለች ትሟገትለታለች።

አንድ ቀን ኃይለጊዮርጊስ ከተማው ውስጥ ካለች አንዲት የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን ወጣቶች የተራ ትሮምቦን መንፊያ ተውሶ መጣ። የባሱ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ መንፊያዋ ጠልቃ ገባችና ተንገዳገደች። እሱ ተስፋ ቆርጦ ሊመልሳት ሲነሳ የምሥራች "አምጣት እስቲ" አለችው። ከስፌት መኪናዋ ላይ ክር አውጥታ የመንፊያዋን አንገት ዙሪያውን ጠቀለለችው፤ አጥብቃ፣ ለስልሶ እስኪወጣ ድረስ። መልሰው ሲያስገቧት ቀጥ ብላ ተቀመጠች።

ኃይለጊዮርጊስ አንድ ጊዜ ነፋ። የምሥራች በሁለት እጇ አፏን ያዘች። "ድገመው!" አለች።

"ይሄ ድምፅ አይደለም" አላት። ፊቱ ጠቁሯል። "መንፊያዋ ጠባብ ናት። እንደ ጥጃ ነው ያስጮኸችው። ይሄንን ሰምተሽ ባስ ትሮምቦን ሰማሁ እንድትይ አልፈልግም።"

"እኔ ወድጄዋለሁ።"

"አልሰማሽም በይ። ይሄ አይቆጠርም።"

ክሩን ፈትቶ መንፊያዋን ለባለቤቶቿ መለሰ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኼኔ ነው፤ ግን ያኔ ማን ይንገረው? ቢነግሩትስ መች ይሰማና።

ናስረዲን የሚባል የጅማ ልጅ፣ የመፈልፈያው ቤት ሾፌር፣ ቡና ጭኖ አዲስ አበባ ይመላለሳል። ወዳጁ ነበር። "የባስ ትሮምቦን መንፊያ ፈልግልኝ፣ ትልቁን" ብሎ ላከው። ናስረዲንም አላሳፈረውም፤ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር እንደ ሙሽራ አቅፎ መጣ። ሲፈታ ክንድ የሚያህል የሚያብለጨልጭ የአውቶብስ ጡሩምባ ወጣ።

"የባስ ጡሩምባ አላልከኝም? ይኸው ትልቁ! የሚነፋውም በራሱ አየር ነው፣ አንተ አትደክምም" አለ ናስረዲን ደስ ብሎት።

የምሥራች ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሱም አብሮ ቢስቅ ኖሮ ነገሩ ሁሉ ሌላ በሆነ። "አንተ ደንቆሮ!" ብሎ ጮኸበት፣ በሚስቱ ፊት።

ናስረዲን ጡሩምባውን መልሶ በጆንያው ጠቀለለ። "ደንቆሮ ከሆንኩማ የሚሰማ ላክ" ብሎ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ደጁን አልረገጠም። ኃይለጊዮርጊስም ኩራት ይዞት ይቅርታ ሳይጠይቀው፣ ለሌላ ሰውም ሳይልክ ዓመታት አለፉ።

የምሥራች እህቷን ልትጠይቅ ቴፒ ወርዳ ወባ ይዟት ተመለሰች። መድኃኒቱን ጀመረች፤ ትኩሳቱ ግን አልለቅ አላት። አንድ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ቀለል ሲላት ዓይኗን ወደ አልጋው ሥር ጣል አደረገች።

"ያቺን ትንሿን ተውሰህ ብትነፋልኝ ምናለበት? ክሩን እኔ እጠቀልልልሃለሁ።"

"ተሻለሽ እንጂ። ትክክለኛው ይገኛል፣ በወጉ እነፋልሻለሁ።"

"ወጉን የምታውቀው አንተ ነህ" አለችው። "እኔ የት አውቄው? የነፋህልኝን ነበር ባስ ትሮምቦን የምለው።"

እሱ ግን ትራሷን አስተካክሎላት ውሃ ሊቀዳ ወጣ። መንፊያዋን የተዋሰባት ቤተ ክርስቲያን ከቤታቸው ብዙ አትርቅም ነበር። በዚያው ሳምንት የምሥራች አረፈች።

ናስረዲን ለቅሶ መጣ። ስለ ጸቡ አንድም ቃል አልተናገረም። ሊሄድ ሲል ብቻ "ሣጥኑን ክፈተው" አለ፤ አውራ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ ከትቶ የሚደርስበትን ቦታ አየ። "አሁን አልሳሳትም" ብሎ ሄደ። የመርካቶን ምናለሽ ተራ በየሄደበት ሲበረብር ከርሞ፣ ቡና ማበብ በጀመረበት ሰሞን የተወለወለች ትልቅ መንፊያ አምጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠለት።

በማግስቱ ጠዋት ኃይለጊዮርጊስ ደጃፉ ላይ ተቀመጠና ነፋ። ልክ ናት። አልተንገዳገደችም፣ አልጠበበችም፤ ድምፁ ከሆዱ ወጥቶ መሬት ለመሬት ሄደ። በክር ከተጠቀለለችው ጋር ልዩነት ነበረው፣ እውነት ነው። ያንን ልዩነት የሚያውቅ ሰው ግን በሚዛን ተፈሪ ከእሱ በቀር አልነበረም። ለዚህች ልዩነት ብሎ ነው የከለከላት። ይህን ሲያስብ፣ እንዳያለቅስ ብሎ መልሶ ነፋ፣ በረዥሙ።

የየቤቱ በር ይከፈት ጀመር። በዚያ ሠፈር በጠዋት ጡሩምባ የሚነፋው የዕድሩ ለፋፊ ብቻ ነው፣ እሱም ሰው ሲሞት። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ወንዶቹ ጋቢያቸውን እየጎተቱ መጡ። ፊት የደረሰችው ጎረቤቱ ወይዘሮ ረቢያ ናት።

"ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ፣ ማን ሞተብን?" አለችው እያለከለከች።

"የምሥራች" አላት።

ሴትየዋ ግራ ገብቷት ሰዎቹን አየች። "እሷንማ ቀብረናት የለም እንዴ?"

"እናንተማ ቀብራችኋታል" አለ፤ መንፊያዋን ከከንፈሩ ሳያርቅ። "እኔ ገና ዛሬ መስማቴ ነው።"