የተክሌ ቁና

«የሟቹን ቁና አውጡልኝ» አለች ዓለሚቱ፣ ገና የዳሱን ደፍ ሳታልፍ።

የሣልስቱ ዕለት ነው። ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አያት። ታንጉት ከሰሌኑ ላይ ሆና ሴትዮዋን አየች፤ ገብስ የሞላ ሌላ ቁና ታቅፋለች። ከቅዳሜ ጀምሮ የፈራችው መጣ።

ባሏ ተክሌ በወገዳ ገበያ ሃያ ሁለት ዓመት እህል ሰፍሯል። የመጀመሪያውን ቁና «አንድ» አይልም፤ «አንድ አምላክ» ብሎ ጠርዙን በመዳፉ ጠረግ ያደርጋል። ገዥና ሻጭ ሲጣሉ «ተክሌ ይስፈረው» ይባል ነበር። ባለፈው ቅዳሜ ግን ዓለሚቱ በሱ ያሰፈረችው አሥር ቁና ገብስ ቤቷ በራሷ ቁና ሲሰፈር ዘጠኝ ሆነባትና፣ ተመልሳ መጥታ ገበያው መሀል «ሌባ!» አለችው። በማግስቱ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ደጃፉ ላይ ወድቆ ቀረ።

«አንቺ ሴት፣ እግዜርን አትፈሪም?» አሉ መምሬ መልአኩ። «በለቅሶ ቤት ስፍር?»

«ስለምፈራ እኮ ነው የመጣሁ፣ አባቴ! ሌባ ባልኩት ማግስት ሞተ። ቁናው ሙሉ ከሆነ ድንጋይ ተሸክሜ መቃብሩ ላይ እወድቃለሁ። ጎዶሎም ከሆነ ልወቀው።»

«አንቺማ ያለ ስፍር ለቅሶም አትደርሺ!» አለ ከጥግ አንድ ሽማግሌ።

ስምንተኛ ክፍል የምትማረው እድላዊት ወደ እናቷ ወደ ታንጉት ጆሮ ጠጋ አለች። «እማዬ፣ ላምጣው። አባዬ አይሰርቅም።»

ታንጉት «ተይው» ልትል አፏን ስትከፍት ልጅቱ ተነሥታ ነበር።

ዓለሚቱ ገብሱን ከራሷ ቁና ወደ ተክሌ ቁና ገለበጠች። ሞላ። ገብሱ ግን አላለቀም፤ በጠርዙ እየተንሸራተተ ሰሌኑ ላይ ፈሰሰ።

«አይደለም» አለች እድላዊት፣ የፈሰሰውን እያየች። «አይደለም እኮ።»

ታንጉት ዝም ማለት ትችላለች። ሙት አይከሰስም። ብትናገር ግን አባቷን ማን እንደገደለው ልጇ ታውቃለች።

ጥቅምት ላይ ቁናው ሳስቶ ፍሬ ማንጠባጠብ ጀመረ። «የፈሰሰውን ለቤቱ ዶሮዎች ሊለቅም ሆን ብሎ ነው የሚያፈሰው ይሉታል፤ ያዋርዱብኛል» ብላ ታንጉት ፈራችና ውስጡን በእበት ለቀለቀችው። ደርቆ ሲሰነጠቅ ደገመችው። ሲሰነጠቅ እንደገና። የዚያን ቅዳሜ ከገበያ ገብቶ፣ መዳፉን እያገላበጠ «ታንጉት፣ እጄ አርጅቶ ይሆን?» ሲላት የተደራረበው እበት ቁናውን እንዳጠበበው ወለል ብሎ ታያት። ነገ እነግረዋለሁ አለች። ነገ አልነበረውም።

«እኔ ነኝ» አለች ታንጉት ወደ መምሬ መልአኩ ዞራ። «አባቴ፣ እኔ ነኝ። እንዳያፈስ ብዬ ውስጡን ሦስት ጊዜ በእበት ለቅልቄዋለሁ። እሱ አያውቅም። ሲጠይቀኝ እንኳ ፈርቼ ዝም አልኩት።»

መምሬ መልአኩ መስቀላቸውን ጨበጡ። ዓለሚቱ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ከለቀስተኛው መሀል ቁጭ አለች። እድላዊት እናቷን እንደማታውቃት ሴት አየቻት።

ታንጉት ቁናውን ስባ ገብሱን ደፋችና ጥፍሯን ወደ ታች ሰደደች። እበቱ እንደ ድንጋይ ደርቋል። ፈንቅላ ፈንቅላ አንድ ቅርፊት አነሣች፤ ጣቷ ደማ። ቁናው እየተሽከረከረ እምቢ አላት። አቅፋ ብትይዘውም ዞረባት።

እድላዊት ተንበረከከች። ዐይኗን ሳታነሣ ቁናውን በሁለት እጇ ያዘችላት።