ዳኛው መጽሐፍ የከፈተ ቀን

ፋርማሲስቷ ጓደኛችን የቅዳሜ ጨዋታችንን የሕግ መጽሐፍ አዲስ እትም ከቦርሳዋ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ስታስቀምጠው ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብኩ። መጽሐፍ ነው እንጂ እባብ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን ሽፋኑ ላይ ያለውን የሚያብለጨልጭ ዘንዶ እያየሁ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዛሬ ወንድሜ ሰው ፊት መዋረዱ ነው።

ጠረጴዛው የልብስ መቁረጫዬ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሱሪና ቀሚስ እቆርጥበታለሁ፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን መቀሱን አነሳና ጥቁር ጨርቅ አለብሰዋለሁ። በልብስ ሰፊ ጠመኔ ዋሻ፣ ድልድይና ግንብ እንስልበታለን። ጨዋታውን የማያውቅ ሰው ቢያየን ያበድን ይመስለዋል። እያንዳንዳችን በወረቀት ላይ የፈጠርነው አንድ ሰው አለን፤ የፋርማሲስቷ ጎራዴ ታጣቂ ናት፣ የዝምተኛው ሌባ ነው፣ የእኔ ደግሞ ጠንቋይ ናት። ወንድሜ ዳኛ ነው። «በሩ ተዘግቷል። ከበስተጀርባው የሚተነፍስ ነገር አለ። ምን ታደርጋላችሁ?» ይለናል። እኛ የምናደርገውን እንናገራለን፣ ከአንድ እስከ ሃያ ቁጥር ያለበትን ዳይስ እንጥላለን፣ እሱ ይፈርዳል። ዝምተኛው የምንለው የቧንቧ ሠራተኛ ጓደኛችንን ነው፤ ስሙን ያወጣንለት አፉ አርፎ ስለማያውቅ ነው።

ወንድሜ የአሮጌውን እትም ሕግ ከጫፍ እስከ ጫፍ በቃሉ ይዞታል። መጽሐፉ መደርደሪያው ላይ አቧራ ጠጥቶ ተቀምጧል፤ ሲገልጠው አይተን አናውቅም። ዳኛ የሚለው ስም የወጣለትም በዚሁ ነው።

ለምን እንደ ፈራሁ ልንገራችሁ። ወንድሜ ሰዓት ሠሪ ነው፤ ሱቁ ከእኔ ሱቅ ፊት ለፊት ነው። በቅርቡ አንድ ጠዋት ቁርሱን ይዤለት ስገባ አጉሊ መነጽሩን ከዓይኑ አነሳና ፈገግ ብሎ «ይግቡ፣ ምን ልታዘዝ?» አለኝ። እኔን! ጸጉሯን እየጎተተ ሲያስለቅሳት ያደገችውን እህቱን! «ጋሼ፣ ምን ነካህ?» ስለው ትንሽ ቆየና ሳቀ። «አሾፍኩብሽ እኮ ነው» አለ። ዓይኑ ግን አልሳቀም። ከዚያ ወዲህ ቁልፉን በእጁ ይዞ የገዛ ሱቁ በር ላይ ግራ ተጋብቶ ሲቆም አይቻለሁ። የጀመረው ወሬ መሐል ላይ ሲጠፋበትም ሰምቻለሁ። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም፣ ለእሱም ቢሆን። ከአፌ ካወጣሁት እውነት የሚሆን ይመስለኝ ነበር።

ቅዳሜ ግን ጥቁሩ ጨርቅ ፊት ሲቀመጥ የድሮው ወንድሜ ይመለሳል። አሮጌው ሕግ እጁ እንደለመደው ሥራ ነው፣ ሳያስበው ይሄድለታል። አዲሱ ከገባ በየደቂቃው ይደናቀፋል። እነሱ ይነቁበታል፤ መንቃታቸውን ደግሞ እሱ ከፊታቸው ያነባል። ያችን ሰዓት ከማይ ሱቄ ቢቃጠል ይሻለኝ ነበር።

«እኔ አሮጌው ይሻለኛል» አልኩ ገና መጽሐፉ ሳይከፈት።

«ቆይ እንጂ፣ ሽፋኑን እንኳ በቅጡ አላየሽው» አለች ፋርማሲስቷ።

«ሽፋኑ ምን ያደርግልኛል፣ ቀሚስ ልሰፋበት ነው?»

«ይቺ ሴትዮ ዛሬ በግራ ጎኗ ነው የተነሳችው» አለ ዝምተኛው።

ፋርማሲስቷ ወደ ወንድሜ ዞረች። «ዳኛ፣ ትንሽ እንሞክረው። ከዚያ ድምፅ እንሰጣለን።»

ወንድሜ እሺ በሚል ራሱን ነቀነቀ።

ትልቁ ለውጥ እዚህ ላይ ነው። በአሮጌው እትም ዳይሱ ላይ ትንሽ ቁጥር የወጣለት ይድናል፣ ትልቅ የወጣለት ይጎዳል። አዲሱ ነገሩን ገልብጦታል። ፋርማሲስቷ ይህን ደጋግማ አስረዳችን፣ ወንድሜም በጥሞና አዳመጠ።

ዝምተኛው ሌባውን በገመድ ድልድይ ሊያሻግር ዳይሱን ጣለ። አሥራ ዘጠኝ።

«ገመዱ ተበጠሰ» አለ ወንድሜ፣ በዚያ በሚያምር የዳኛ ድምፁ። «ወንዙ ይዞህ ሄደ። ሞተሃል።»

ፋርማሲስቷ ቀና ብላ አየችው። «ዳኛ፣ በአዲሱ እኮ አሥራ ዘጠኝ ማለት ተሻገረ ማለት ነው።»

ወንድሜ ዳይሱን አየ፣ ከዚያ ጨርቁን፣ ከዚያ እጁን። ያ የሱቁ በር ላይ ያየሁት ፊት ነበር። «ጥፋቱ የመጽሐፉ ነው!» ብዬ ጮህኩ። «ደህናውን ሕግ ማን ገልብጡ አላቸው?»

«ኧረ እኔን አንድ በሉኝ፣ ሞቻለሁ አልሞትኩም?» አለ ዝምተኛው። «ቀብሬን ልጥራ ወይስ ልሻገር?»

ሳቁ። ቀጥሎ ፋርማሲስቷ ራሷ ጣለች፤ ሦስት ወጣላትና «ዳንኩ!» ብላ እጇን ወደ ላይ ወረወረች። መጽሐፉን ያመጣችው እሷ፣ ሕጉን ያስረዳችው እሷ! እኔም ጠንቋይዋን እሳት አስለቅቄ ጠላቴን ያቃጠልኩ ሲመስለኝ የገዛ ራሷን ቀሚስ አነደድኩ። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ጀመረ። ወንድሜም ጋ ደረሰ። መነጽሩን አጠለቀ፣ መስመሩን በጣቱ እየተከተለ አነበበ፣ ገለጠ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ እንደገና አነበበ። ዳኛው መጽሐፍ ሲከፍት ያየሁት ያን ቀን ነው። ሌሎቹ ልብም አላሉት፤ እኔ ግን መርፌ ላይ የተቀመጥኩ ያህል እቁነጠነጥ ነበር።

ድምፅ መስጫው ደረሰ። ፋርማሲስቷ አዲሱ አለች። እኔ አሮጌው አልኩ። ዝምተኛው ብዙ ቀባጥሮ ሲያበቃ «የለመድኩት አይነካብኝ» አለና ከእኔ ጋር ሆነ። እፎይ አልኩ። ድምፅ እኩል ሲሆን የዳኛው ያሸንፋል፣ ደንባችን ነው፤ ወንድሜ ደግሞ በቃሉ ያለውን አሮጌውን ጥሎ የት ይሄዳል?

«አዲሱ» አለ ወንድሜ።

«ጋሼ!»

«ድምፄን ሰጠሁ።»

እንግዶቹ እስኪወጡ ምላሴን ነክሼ ቆየሁ። በሩ እንደተዘጋ ጨርቁን ከጠረጴዛው መንጭቄ አነሳሁት፤ የጠመኔው ብናኝ ፊታችን ላይ ቦነነ። «ምን ሆነህ ነው? በቃልህ የምታውቀውን!»

«በቃሌ የማውቀው ይመስልሻል» አለ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። «ባለፈው ቅዳሜ የመርዙን ሕግ ከራሴ ፈጥሬ ነው የነገርኳችሁ። የበሩንም። ጠፋብኛ! አንዳችሁም አላወቃችሁም።»

ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ። ሌላው ቦታ ሁሉ ቢከዳው ይህ ጠረጴዛ አይከዳውም ብዬ ነበር። ለካ መርሳቱ እዚያም ደርሷል።

«ዳኛው መጽሐፍ አይከፍትም ብላችሁ ለምዳችኋል» አለ። «አሮጌውን ልክፈት ብል የዚያን ቀን ሁላችሁም ቀና ብላችሁ ታዩኛላችሁ። አዲሱን ግን ሁሉም ይከፍታል፣ ሁሉም ይሳሳታል። ማን ልብ ይለኛል?»

«ታውቃለህ ማለት ነው።»

«ካንቺ በፊት ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«አንቺስ?»

«ፈርቼ።»

«እኔም» አለ ወንድሜ። አንድም ቀን ፈራሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር፤ እንባዬ ያኔ መጣ። ሰኞ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን አልኩት። እሺ አለ፣ ሳይከራከር፤ አለመከራከሩ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ። ከዚያ ፋርማሲስቷ ትታልን የሄደችውን መጽሐፍ ወደ እኔ ገፋው።

«በይ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አንብቢልኝ።»

አነበብኩለት። ገጹን ጨርሼ ቀና ስል «እስኪ ድገሚው» አለኝ። ከብዶት ይሁን ረስቶት አልጠየቅኩትም። እውነቱን ለመናገር እኔም አልገባኝም ነበር። ደገምኩት።