ውጤቱ ሳይመጣ የተበላ ጉበት

የኦርቪንን ንግግር የማያውቅ አዳኝ በዚያ የአሜሪካ ዊስኮንሲን ወረዳ የለም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ የአደን ሰሞን በመጣ ቁጥር፣ ብርቱካናማ ኮፍያውን ደፍቶ የአጋዘን ጭንቅላት ለበሽታ ምርመራ ከሚሰበሰብበት ሣጥን አጠገብ ይቆማል። «የአንገቱ ንፍፊት ሳይመረመር እንዳትቀምሱ! ፕሪዮን የሚሉት አንጎል የሚበላ የተጣመመ ፕሮቲን ነው፤ ብትቀቅሉትም አይሞትም። አጋዘኑ እስኪመነምን ድረስ ጤነኛ መስሎ ይዞራል» ይላል። እምቢ ያለውን «ምከረው ምከረው፣ እምቢ ካለ መከራ ይምከረው» ብሎ ይተርትበታል።

ዘንድሮ ለራሱም ቀናውና አንድ አጋዘን ጣለ፤ ቀንዱ ባለ አሥር ቅርንጫፍ፣ ጀርባው በስብ የተሞላ። ጭንቅላቱን እንደ ደንቡ ሣጥኑ ውስጥ ከተተ። ነገር ግን ከአባቱ ቤት ጀምሮ በአደኑ የመጀመሪያ ቀን ጉበት በሽንኩርት ተጠብሶ ያልተበላበት ዓመት የለም። እሱም ጉበቱን መጥበስ ጀመረ፤ ሽታው አፍንጫው ሲደርስ የአሥራ አንድ ዓመት ንግግር ብን ብሎ ጠፋ።

«ውጤቱስ?» አለች ሚስቱ ማርሊስ።

«አንቺ ደግሞ! እንዲህ የሰባ አጋዘን ይታመማል?» አለና ትልቁን ቁራጭ ለእሷ አወጣላት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ውጤቱ መጣ። በሽታው ነበረበት።

ለራሱ አልፈራም፤ ሞኝ የእጁን ያገኛል። የፈራው ለማርሊስ ነው። ሐኪሙ «እስካሁን ወደ ሰው መተላለፉ አልታወቀም፤ ቢሆንም አይበላም» አለው። ኦርቪን ይህንን በቃሉ ያውቀዋል። ለሌላው ሲናገረው ቀላል ነበር፤ ሲነገረው ግን ሐኪሙን «እርግጠኛ ነዎት?» ብሎ ሁለት ጊዜ ጠየቀው።

«እንግዲህ ቁልፍ በጠፋብኝ ቁጥር ጥፋቱ ያንተ ነው» አለች ማርሊስ። ሳቀች፤ እጇ ግን ሳህኑን እንደያዘ ቀረ። «በል ሂድና ለአዳኞቹ ንገራቸው።»

«መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

«ሆነሃል እኮ።»

ቅዳሜ ሣጥኑ አጠገብ ቆሞ ሁሉንም ተናዘዘ። አንድም ቀን ጭንቅላት አምጥቶ የማያውቀው ጎረቤቱ ጎርዲ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ሰባኪያችን ራሱ ጉድ ሆነ በሉኛ! ብቻህን በላኸው?»

«ከማርሊስ ጋር። ትልቁን ቁራጭ የሰጠሁት ለእሷ ነው።»

የጎርዲ ሳቅ ቆመ። መኪናውን አስነስቶ ሄደ። ከሰዓት ሁለት ጭንቅላት ጭኖ ተመለሰ።

«እኔም ሚስቴን እያበላኋት ነው» አለ ቀስ ብሎ።

ኦርቪን ንግግሩን ሊጀምር አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋውና ጭንቅላቶቹን ተቀበለው።